ይቀመጥ፤ ለክፉ ቀን ይሆናል

አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ዓመት የቆየ ቤት ሁሉ፣ ሰው በጎኑ ብቻ የሚገባበት አንድ ክፍል አያጣም። በሩ እስከ መጨረሻው አይከፈትም፤ ከኋላው የተደገፈ ነገር አለ። አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ለመቀየር ደግሞ ወንበር የሚቆምበት ቦታ የለም። ይህ ክፍል ዕቃ ቤት ይባላል። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩት ዕቃ ቤታቸው በረንዳው ነው፤ ወይም የአልጋው ሥር፤ ወይም ከቁም ሣጥኑ በላይ እስከ ጣሪያው ያለው ክፍተት።

ውስጡ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቀዋለን። እጀታው የወለቀ ድስት፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የማይሠራ ቴሌቪዥን፣ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ማንም ያልነካው ብስክሌት፣ ድንጋይ የሆነ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ፣ የኒዶ ቆርቆሮ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ጀሪካን በጀሪካን ላይ። አንዱን አንሥተን «ይሄ ይጣል?» ብንል መልሱ የታወቀ ነው፤ «ይቀመጥ፤ ለክፉ ቀን ይሆናል።»

እኛ ቤት ክፉው ቀን ዘንድሮ መስከረም ላይ መጣ። ሰባ ሦስት ዓመት የሆናት እናቴ ግቢ ውስጥ አዳልጧት ወደቀችና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ሁለት ነገር አጥብቆ ነገረን። ደረጃ እንዳትወጣና እንዳትወርድ፣ ሌሊት ለመጸዳጃ ስትነሣም ሩቅ እንዳትሄድ። የእኛ ሳሎን ከግቢው በሰባት ደረጃ ከፍ ይላል። መጸዳጃውና መታጠቢያው ውጭ፣ ከሰርቪስ ክፍሎቹ ጎን ነው። ደረጃ የሌለው፣ ከመጸዳጃው ጋር ግድግዳ የሚጋራና የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት አንድ ክፍል ብቻ ነበረን፤ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነው ዕቃ ቤት።

ለክፉ ቀን ብለን ያን ሁሉ ዓመት ስናከማች ኖረን፣ ቀኑ ሲደርስ የጠፋው አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ ነበር። ስለ ዕቃ ቤት ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ከእኛ ዓይነት ወላጅ ጋር የምትኖሩ፣ ወይም ራሳችሁ አያት የሆናችሁ፣ ከሥራው አንድ ሁለት ቁም ነገር ታገኙበታላችሁ ብዬ አስባለሁ።

«ሳልሞት ልትወርሱኝ ነው?»

ታላቅ ወንድሜ ሥራ ላይ ፈጣን ሰው ነው። እናታችን ገና ሆስፒታል ሳለች «አንድ አይሱዙ ጠርተን በአንድ ቀን እንገላገለው፤ ስትመጣ ክፍሉን ቀለም ተቀብቶ ታገኘዋለች» አለ። ባለቤቴም የተስማማ መሰለ። እኔ ግን እናቴ ሳታይ ከዚያ ክፍል አንዲት ጣሳ ብትወጣ ምን እንደሚሆን ስለማውቅ፣ ጥቂት ቀን እንታገሥ ብዬ ለመንኩ።

ወሬው ግን በልጄ በኩል ቀድሞን ደረሰ። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና የሰማችው «ዕቃሽ ሊወጣ ነው» የሚለውን ብቻ ነበር። ልጠይቃት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ሳልሞት ልትወርሱኝ ነው?» አለችኝ።

ብዙ ቤት ውስጥ ጠቡ የሚነሣው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ልጆች የሚያዩት ክፍሉ መጣበቡን፣ አቧራውንና አይጡን ነው። እናት የምታየው ደግሞ አንድ በአንድ ለፍታ ያገኘችውን፣ ተበድራ የገዛችውን፣ ከእናቷ የወረሰችውን ነው። ያለ እሷ ፈቃድ ሲወጣ፣ ከቤቱ ባለቤትነት እሷም አብራ እንደወጣች ትቆጥረዋለች። ለዚህ ነው የጣሳ ነገር ለቅሶ ድረስ የሚያደርሰው።

«እማዬ፣ አንቺ ያላየሽው አንድም ነገር ከበሩ አይወጣም» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው ወንበር አውጡልኝ፤ ከደጁ ልቀመጥ» አለች።

እንዳለችውም አደረግን። በጥቅምትና በኅዳር አራት ቅዳሜ፣ ወንድሜና ባለቤቴ ከሳሎን ተሸክመው ያወርዷታል፤ ጋቢዋን ደርባ፣ ዎከር የተባለውን ባለ አራት እግር ምርኩዝ አጠገቧ አቁማ፣ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። ሥራው ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን እሷም ትደክማለች፣ እኛም እንናደዳለን፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ሁሉንም መጣል ያምረዋል።

አራት ቦታ፣ አንድ ጥያቄ

ግቢው ላይ ሸራ አንጥፈን በአራት ከፈልነው። አንደኛው የሚቀር፣ ሁለተኛው ለሰው የሚሰጥ፣ ሦስተኛው የሚሸጥ ወይም የሚጣል፣ አራተኛው «ይደር» የተባለ ነው። «ይደር» ማለት ዛሬ መወሰን ያቃተን ነው። በካርቶን ገብቶ፣ በፕላስተር ታሽጎ፣ ላዩ ላይ ቀን ይጻፍበታል። እስከ ጥምቀት ማንም ካልፈለገው እናቴ ራሷ እንድትወስንበት ተስማማን። ይህች አራተኛ ቦታ ባትኖር ሥራው አንደኛው ቅዳሜ ላይ ይቆም ነበር፤ አንድ ሰሐን ላይ ግማሽ ሰዓት ስንከራከር እንውል ነበርና።

የጃፓኗ ማሪ ኮንዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመችው መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ ያስተማረችው ዘዴ፣ ዕቃን አንድ በአንድ በእጅ ይዞ «ደስታ ይሰጠኛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ለእኔ የልብስ ቁም ሣጥን ይሠራል። ለእናቴ ግን የበርበሬ ሙቀጫ ደስታ ይሰጥ እንደሆነ መጠየቅ ትርጉም የለውም። የእሷ ጥያቄ «አንድ ቀን ቢያስፈልግስ?» ነው። ስለዚህ እኛ «ይጣል?» ማለቱን ትተን «ይሄ ምን ነበር?» እያልን መጠየቅ ያዝን። ለውጡ ወዲያው ታየ።

ልጄ የኒዶ ቆርቆሮዎቹን ቆጥሮ 38 መሆናቸውን ሲያበሥር «እማማ፣ ይሄ ሁሉ ምን ነበር?» አላት። እሷም በደርግ ጊዜ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨውና እህል በቀበሌ ሱቅ በካርድ፣ በቤተሰብ ቁጥር ይታደል እንደነበር ነገረችው። ሌሊት ተነሥቶ ሰልፍ መያዝ ነበር። የተገኘችው ስኳር ለወር ትበቃ ዘንድ ከጉንዳንና ከእርጥበት መጠበቅ ነበረባት፤ ክዳኑ ግጥም የሚል ቆርቆሮ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። «ያን ጊዜ ጎረቤት ቆርቆሮ ይዋዋስ ነበር» አለችው።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን ሰምቶ ቆርቆሮውን በሌላ ዓይን አየው። የሚገርመው ግን፣ እናቴም ታሪኩን ከተናገረች በኋላ እጇ ላላ። «እንግዲህ አሁን ስኳር በካርድ የለ። ስድስቱን አስቀሩልኝ፣ ለበርበሬና ለሽሮ። ሌላውን ለቆራሌው ስጡት» አለች። እኛ «ይጣል» ብንላት ኖሮ 38ቱም ተመልሰው ይገቡ እንደነበር አልጠራጠርም።

ከደብተር ክምር መሃል

ሁለተኛው ቅዳሜ የወረቀት ቀን ነበር። የእኛ የተማሪነት ደብተሮች፣ የድሮ ጋዜጦች፣ የመብራትና የውኃ ደረሰኞች፣ የአባቴ የዕቁብ መዝገብ። ወንድሜ ደብተር የመሰለውን ሁሉ ሳይገልጥ ለቆራሌው ክምር ሲወረውር፣ እናቴ ከወንበሯ «ቆይ! ያችን ሰማያዊዋን አምጣት» አለች።

አሥራ ስድስት ገጽ ያላት፣ ጠርዟን አይጥ የቀመሳት ደብተር ናት። ውስጧ በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ሀ ሁ ሂ ተደጋግሞ ተጽፏል። ከመጨረሻዎቹ ገጾች ባንዱ ላይ የወንድሜ ስም አለ፤ አንድ ጊዜ ተሳስቶ፣ ከሥሩ ደግሞ ታርሞ።

እናቴ ከቡልጋ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ማንበብና መጻፍ እንደማትችል አላውቅም ነበር። ለእኔ ሁልጊዜ መዝሙረ ዳዊቷን የምታነብ ሴት ናት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ሲጀመር የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት፣ የአንድ ልጅ እናት ነበረች። ማታ ማታ ወንድሜን አዝላ ቀበሌ ጣቢያው ትሄዳለች። ያ ዘመቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጎልማሶችን ፊደል ያስቆጠረ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ያስገኘ እንደነበር በትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ከተማሪዎቹ አንዷ እናቴ መሆኗን ግን ያወቅሁት ዕቃ ቤት ስናጸዳ ነው።

«የመጀመሪያ ቃሌ ነው» አለች ስሙን በጣቷ እየነካች። ወንድሜ ያን ቀን ከዚያ በኋላ አንድም ደብተር ሳይገልጥ አልወረወረም።

ከዚህ የምነግራችሁ ተግባራዊ ምክር አጭር ነው። ወረቀትን በጅምላ አታውጡ። የቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የውርስና የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የጋብቻና የልደት ሰርተፊኬት፣ የጡረታ ደብተር፣ የክትባት ካርድ በአንድ ውኃ በማያስገባ መያዣ ይሁኑ፤ ከወለል ከፍ ብለው ይቀመጡ። አንድ አንዱን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ለአንድ ለምታምኑት የቤተሰብ አባል ላኩ። በተለይ በአዋጅ 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ባሉት ዓመታት የተሰጡ የቤት ወረቀቶች በብዙ ሽማግሌዎች እጅ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሉ። ቢጫ ስለሆኑ ብቻ ቆሻሻ አይደሉም።

የሚያስፈራው ክምር

ሦስተኛው ቅዳሜ የጓዳው ጥግ ተራ ሲደርስ ልጆቹን ወደ ቤት አስገባናቸው። እዚያ ጥግ ያገኘነው ነገር በብዙ ቤት ያለ ስለሆነ በዝርዝር ልጻፈው።

በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪናና ነጭ ጋዝ። ሁለቱንም ከውኃ የሚለያቸው ሽታቸው ብቻ ነው፤ የጠማው ልጅ ደግሞ አሽትቶ አይጠጣም። እንዲህ ያለ ነገር በመጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ በራሱ ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ተቆልፎ ይቀመጥ። ልጅ ከጠጣ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ነጭ ጋዝ ሲመለስ ወደ ሳንባ ገብቶ የበለጠ ይጎዳል፣ በረኪናም ጉሮሮን እንደገና ያቃጥላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

የነቀዝ መድኃኒት እንክብል። ከነዚህ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ነው። አየር ውስጥ ያለች እርጥበት ስትነካው ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የለውም። ሰው ከሚተኛበት ክፍል ወይም ግድግዳ ከሚጋራ ክፍል ፈጽሞ መኖር የለበትም። ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ውኃ አታፍስሱበት፣ አታቃጥሉት፤ በርና መስኮት ከፍታችሁ ሰው አውጡና የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ጠይቁ። በዚያ አካባቢ የቆየ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለው ሐኪም ቤት ይወሰድ። እህል ለማቆየት ዛሬ ገበያ ላይ ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ሽፋን፣ አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፤ ነቀዙን አየር ነስቶ ያለ መድኃኒት ይገድለዋል። ጤፍ ደግሞ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ መድኃኒት አያስፈልገውም።

የአይጥ ኩስ። ደርቆ ሲጠረግ ብናኙ በትንፋሽ ይገባል። መጀመሪያ በርና መስኮቱን ግማሽ ሰዓት ያህል ክፈቱ፤ ጓንትና ማስክ አድርጉ። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ኩሱን አርጥቡት፤ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በጨርቅ ሰብስቡት። በረኪናን ከመጸዳጃ ማጽጃ አሲድ ጋር በምንም ዓይነት አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

ጊዜው ያለፈ መድኃኒት። እናቴ ዘንድ የአባቴ የደም ግፊት ክኒን ሳይቀር ነበር፤ አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከቡና አተላ ወይም ከአመድ ጋር ቀላቅላችሁ፣ በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ከቆሻሻ ጋር አውጡት። ማሸጊያው ላይ ያለውን ስም ፋቁት።

የመሶቡ ገንዘብ

አራተኛው ቅዳሜ የቀረው የእናቴ የራሷ ጥግ ነበር፤ የእንጨት ሣጥኗና የተሸፈነው መሶብ። ሣጥኑ ውስጥ ለክፉ ቀን ያለችው ወፍራም ቡልኮ ተቀምጧል፤ ስንዘረጋው ብል ወንፊት አድርጎታል። ከሣጥኑ ሥር በማዳበሪያ የታሰረ ባቄላ ነበር። ስንፈታው ዱቄትና ነቀዝ ፈሰሰ።

ከመሶቡ ውስጥ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ገንዘብ ነው። 41 ባለ መቶ ብርና 5 ባለ ሃምሳ፤ በድምሩ 4,350 ብር። ወንድሜ ቆጥሮ ሲጨርስ ሁለታችንም ተያየን። ሁሉም የድሮው ኖት ነበር።

እንደምታስታውሱት በመስከረም 2013 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ ተተክተው፣ ባለ 200 ብር ኖትም ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቷል። ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። እናቴ ያን ጊዜ በእጇ ያለውን አስለውጣለች፤ የመሶቡን ግን ረስታዋለች።

«ለቀብሬ ነበር» አለች። «እናንተን እንዳላስቸግር።»

ማንም መልስ አልነበረው። እሷ ኖቶቹን መልሳ በሻሹ ጠቀለለች፤ ከዚያ ቡልኮውን አየች፣ ባቄላውን አየች። «ያንን ብል በላው፣ ያንን ነቀዝ በላው፣ ይሄን ደግሞ ዘመን በላው» አለችና ድንገት ሳቀች። «በሉ፣ የቀረውን ቶሎ ቶሎ አውጡልኝ። ክፍሉን ለመኝታ እፈልገዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ከሦስቱ ቅዳሜ ይበልጣል። ማንም አላሳመናትም፤ በዓይኗ አይታ ራሷ ወሰነች። ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ከችግር የወጣው በዚያ ነው። ግን የተቀመጠ ነገር በዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይ ካላየ፣ የሚጠበቀው ባዶ ስሙ ይሆናል። ገንዘብ ባንክ ይግባ፤ ቢያንስ አንድ የሚታመን ልጅ የት እንዳለ ይወቅ። ቡልኮ ይሰጣ። እህል ይበጠር።

ማን ይውሰደው?

እናቴ ለመስጠት ያልሰሰተችው የሚቀበለውን ሰው ስታውቅ ነው። ሁለቱ ትልልቅ ድስቶችና 24 የብረት ሳህኖች ለሠፈራችን ዕድር ሄዱ፤ «ለቅሶ ቤት ሲሠራባቸው አየዋለሁ» ብላ ደስ እያላት ሰጠች። ሲንጀሩን የልብስ ስፌት መኪና ለምትማር ለጎረቤት ልጅ፤ ሁለት ብርድ ልብስና የአባቴን ካፖርት እንደ መቄዶንያ ላሉ የአረጋውያን መርጃዎች። የተማሪ መጻሕፍቱን ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀበለ። መስጠት ያለብን ግን የሚሠራ፣ የታጠበና የተሟላ ነገር ነው። የተቀደደ ልብስ ለችግረኛ መላክ የራስን ቆሻሻ በሰው ደጅ መጣል ነው።

ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና ባትሪ ለቆራሌው ነው። ብዙው ዞሮ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያ በርሜል ምድጃ፣ ጎማ ጫማ ይሆናል። ስለዚህ ሽማግሌዎችን «ተጣለ» ከማለት «ሌላ ነገር ሊሠራበት ሄደ» ማለት እውነትም ነው፣ ይቀላልም። የድሮ የመኪና ባትሪ ግን ውስጡ አሲድና እርሳስ ስላለ ልጆች አይንኩት። ልዋጭ ስትጠሩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አሮጌ ጫማ አስወጥታችሁ አዲስ ሳፋ ታስገባላችሁ!

አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴ ጉዳይም ነበር። በመጣች ቁጥር የተወቻቸው ሻንጣዎች አምስት ደርሰዋል፤ ውስጣቸው ሌላ ባዶ ሻንጣ ያለባቸውም ነበሩ። በቪዲዮ ደውለን አንድ በአንድ አሳየናት፤ በሃያ ደቂቃ ከአንዱ በቀር ሁሉንም ለቀቀች። ከውጭ ዘመድ ያላችሁ ይህን ሞክሩት። የሌላ ሰው ዕቃ ላይ ባለቤቱ ይወስን፤ ለመወሰን ግን ቀን ይቆረጥለት።

የቀረው እንዴት ይቀመጥ?

የተረፈው ከደረጃው ሥር በተሠሩ ሦስት መደርደሪያዎች ላይ በቃ። የተከተልነው ደንብ ቀላል ነው። ምንም ነገር ወለል አይነካም፤ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። ከግድግዳውም አንድ መዳፍ ይርቃል፤ እርጥበትና አይጥ የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ከባድ ነገር ታች፣ በየሳምንቱ የሚፈለግ በወገብና በትከሻ መካከል፣ በዓመት አንዴ የሚፈለግ ላይ። አረጋዊ ባለበት ቤት ወንበር ላይ ወጥቶ የሚወርድ ዕቃ አይኑር፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው በእኛ ቤት በአጥንት ነው የሚከፈለው። መተላለፊያ ላይ ምንጣፍ፣ ጀሪካንና ሽቦ አይቀመጥ።

በየካርቶኑ ላይ የውስጡ ስም በትልቁ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእናቴ ነው። «እኔ ካልጻፍኩት የት እንዳለ አላውቀውም» ብላ ማርከሩን ተቀበለችኝ። ዕቃ ጎደለ ብላ ሌሊት የምትነሣ እናት ካለቻችሁ ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ታሳርፋለች።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ደረቅና ፀሐያማ ወቅት ይመቻል። በጳጉሜ ቤት እናጸዳለን ብላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ግን ዝናቡ ገና አልወጣምና ግቢ ላይ ማውጣት ያስቸግራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የማስቀመጥ ልማድና የጤና ችግር ይለያያሉ። አንድ ሰው አልጋው ላይ መተኛት፣ ማድ ቤቱ ውስጥ ማብሰል እስኪያቅተው ድረስ ካከማቸ፣ ባዶ ፌስታል ሲወሰድበት እንኳ የሚታመም ከሆነ፣ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል። በኃይል ማጽዳት ያባብሰዋል። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ለሌሎቻችን ግን መድኃኒቱ ትዕግሥትና ወንበር ነው። ልጆች ሆይ፣ ዕቃ ቤቱን ከመክፈታችሁ በፊት ለባለቤቷ ወንበር አውጡላት። «ይጣል?» ሳይሆን «ምን ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። አያቶችም፣ የምትሳሱለትን ነገር በሕይወት ሳላችሁ በእጃችሁ ስጡ፤ ሲጠቀሙበት ማየት እናንተም ይድረሳችሁ። የቀረውን የት እንዳለ ለአንዱ ልጅ ንገሩ።

የእናቴ አልጋ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ገባ። አሁን ጠዋት ፀሐዩ ፊቷ ላይ ሲወጣ ዎከሯን ይዛ ብቻዋን መጸዳጃ ደርሳ ትመለሳለች፤ ስምንት እርምጃ ነው። ሰማያዊዋ ደብተር ከመዝሙረ ዳዊቷ ጋር ትራሷ ሥር ናት።